መላጊያ የያዙት መርከበኛ

ዓርብ፣ አስመራ

ከቦሌ አስመራ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ሃያ ዓመት ተዘግቶ የቆየ መንገድ ይህን ያህል አጭር መሆኑ ያናድዳል። በረራው የተከፈተው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው። አሁን ጥር 2011 ነው፤ ሆኖም አውሮፕላኑ ሲያርፍ የሚያለቅስ ሰው ዛሬም አይጠፋም። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ገና ከላይ ሳለን መሀረባቸውን አውጥተው ነበር። "ማን አለህ?" አሉኝ። አያቴን ፍለጋ ነው አልኳቸው። "በሕይወት አሉ?" የሉም ስላቸው እጄን ያዝ አድርገው ዝም አሉ።

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ መርከበኛ ነበሩ። ጎርጎራ አካባቢ፣ ጣና ዳር ተወለዱ። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ምጽዋ ወርደው ባሕር ኃይል ገቡ። አብዮቱ ሲመጣ አዲስ አበባ ተመለሱ። እኔ ሳልወለድ ዐረፉ። እርግጠኛ የምንሆነው ይህንን ብቻ ነው። የቀረውን ቤተሰቡ ሞላበት። በየሠርጉና በየተዝካሩ ማዕረጋቸው ከፍ ይላል። እኔ ልጅ ሳለሁ ተራ ባሕረኛ ነበሩ፤ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ የመቶ አለቃ ሆኑ፤ ዩኒቨርሲቲ ስጨርስ የጃንሆይ መርከብ ካፒቴን ነበሩ። ከሞቱ በኋላ እንዲህ ፈጥነው የተሾሙ ሰው አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ግን እናቴ ዘንድ ዶሴ ስናገላብጥ አንድ የአገልግሎት ማስረጃ አገኘሁ። ማኅተሙ ደብዝዟል። ስማቸው አለ። የሥራ ዓይነት ከሚለው ፊት ለፊት በብዕር "አናጢ" ተብሎ ተጽፏል።

እናቴን ጠየቅኳት። "እሱ እኮ የማይሠራው ነገር አልነበረም" ብላ አለፈችው። አክስቴ ግን ቆጣ አለች። "እና ምን ለማለት ነው?" አለችኝ። ነገሩ ገባኝ። በእኛ አገር ባለእጅ መባል ስድብ ሆኖ የኖረ ነገር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ ብዙ ዕድሜ አገኘ። አናጢ እንደ አንጥረኛውና እንደ ሸክላ ሠሪዋ ባይሰደብም፣ ካፒቴን ከሚባል ጋር ሲወዳደር ማን ይመርጠዋል? ሰባት ቤት ቆጥረን ስም እንጠራለን። ሰውየው በእጁ ምን ሲሠራ እንደዋለ ብትጠይቁ ግን መላሽ የለም።

አስመራ ያለ አንድ የወዳጄ ዘመድ፣ ከአያቴ ጋር ምጽዋ ያገለገሉ ሽማግሌ እንደሚያውቅ ነግሮኝ ነበር። ቤታቸው ስንሄድ የሉም። ደቀምሐረ ለቅሶ ሄደዋል፤ ማክሰኞ ይመለሳሉ ተባልን። እንግዲህ ከታች ወደ ላይ ልጀምር ብዬ ወሰንኩ፤ ነገ ምጽዋ።

ከሰዓቱን በእግሬ ዞርኩ። ስለ አስመራ ሕንፃዎች ሌላው ብዙ ብሏል፤ ከተማው በ2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ የገባው በእነሱ ነው። ፊያት ታሊየሮ የሚባለውን፣ በ1938 እ.ኤ.አ. የተሠራውን፣ ክንፉን የዘረጋ አውሮፕላን የመሰለ የቤንዚን ማደያ ቆሜ አየሁት። በሁለቱም ጎን ክንፉ ያለ ምሰሶ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ሲሠራ በእንጨት ተደግፎ ነበር ይባላል፤ ድጋፉ ሲነሣ ይወድቃል ብለው ሁሉም ፈርተው ነበር አሉ። አርክቴክቱን ጁሴፔ ፔታዚን ሁሉም ያውቀዋል። ድጋፉን ያቆሙትን አናጢዎች ማን ያውቃቸዋል?

የባሕር ኃይል ኮሌጅ የተከፈተውም እዚሁ አስመራ ነው፣ በ1956 እ.ኤ.አ.። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ባሕረኛ ማሠልጠን የእኛ ነገር ነው። የኖርዌይ ባሕር ኃይል መኮንኖች ነበሩ በማቋቋሙ የረዱት። አያቴ ግን የኮሌጅ ሰው አልነበሩም። መኮንኑ ላይ ይማራል፤ ተራው ባሕረኛና ባለሙያው ታች ምጽዋ።

ቅዳሜ፣ ቁልቁል

115 ኪሎ ሜትር ነው። ከላይ ሹራብ ለብሼ ተነሣሁ፣ ታች ስደርስ ሸሚዜም በዛብኝ።

ሾፌሩ አማርኛ ያውቃል፤ አዲስ አበባ ሾላ ገበያ አካባቢ ነው ያደገው። የመጀመሪያዎቹ ጥምዝምዞች ላይ ጉም ዋጠን። ከጉሙ ስንወጣ ነፋሲት ደረስን፤ ከላይ ተራራው አናት ላይ ደብረ ቢዘን። ሾፌሩ ሳይዘገይ በአንድ እጁ አማተበ፤ እኔ ሁለቱም እጁ መሪው ላይ ቢሆን በወደድኩ።

ሐዲዱ ከመንገዱ ጋር ሲጠፋና ሲገናኝ አብሮ ይወርዳል። ጣሊያኖች በ1887 እ.ኤ.አ. ከምጽዋ ጀምረው አስመራ ያደረሱት በ1911 ነው። በጦርነቱ ዘመን ሐዲዱ ተነቅሎ ለምሽግ ሆነ። ከነፃነት በኋላ ግን ኤርትራውያን የውጭ ኩባንያ ሳይጠብቁ ራሳቸው መለሱት። ማን መለሰው? ጡረታ የወጡ፣ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሆናቸው የባቡሩ ሠራተኞች። አሮጌዎቹን የእንፋሎት ሞተሮች የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረማ። ሾፌሩ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር። እኔም ቀናሁ። እኛ የለገሃርን ሰዎች እንዲህ ጠርተናቸው እናውቃለን?

ግንዳዕ ላይ ብርቱካን ገዛን። ደንጎሎ ላይ የአምቦ ዓይነት ውሃ ጠጣን። ዶጋሊን ስናልፍ ሾፌሩ "አሉላ!" ብሎ በጣቱ ጠቆመኝ። ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. 500 ገደማ የሚሆን የጣሊያን ጦር የደመሰሱበት ቦታ ነው። ከዚያ ጠፍ መሬት፣ ግመል፣ ግራር። ከዚያ ሽታው መጣ። ጨውና ዓሣ፣ ትንሽም ናፍጣ። ጣና ዳር ያደገ ልጅ ይህን ሽታ መጀመሪያ ሲያሸተው ምን ብሎ ይሆን?

በጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ይታሰራል፣ ይጠፈራል፣ ጥቂት ወራት ሲያገለግል ውሃ ይጠጣና ይጣላል። ሚስማር የለውም። አያቴ ግን ታንኳ ሠሪ አልነበሩም። እናቴ እንደምትለው ከአንድ የቤተ ክርስቲያን አናጢ ጋር በረዳትነት በር ሲጠርቡ ነው ያደጉት። የጣና ደሴቶችና የዘጌን አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው እነዚያን በሮች ያውቃል፤ ከአንድ ግንድ የወጣ የሚመስል ወፍራም ሳንቃ ናቸው። ያን በር የጠረበ እጅ ለባሕርም አያንስም።

እሑድ፣ ምጽዋ

ምጽዋ ሁለት ደሴቶች ናት ማለት ይቻላል። ከየብሱ በድልድይ መሳይ ረጅም መንገድ ወደ ጥዋለት ይገባል፤ ከጥዋለት ደግሞ ሌላ አጭር መንገድ ወደ አሮጌዋ ከተማ ይወስዳል። ጥዋለት እንደገቡ ቅድስት ማርያም ናት፤ ከፊት ለፊቷ ሦስት ታንኮች ሐውልት ሆነው ቆመዋል። የፈንቅል መታሰቢያ ናቸው። ሻዕቢያ ምጽዋን ከደርግ የያዘበት፣ የየካቲት 1982 ዓ.ም. ውጊያ። ለአስመራ ልጅ የድል ስም ነው። ለእኔ ቤት ግን ሌላ ነው፤ የእናቴ የአክስት ልጅ እዚህ ቀርቷል። ቅዳሴ ሲወጣ ከታንኮቹ አጠገብ ልጆች ፎቶ ይነሡ ነበር። እኔ ሳልነሣ አለፍኩ። ሾፌሩ አየኝ፤ ምንም አላለም። ጨዋ ልጅ ነው።

ቤተ መንግሥቱ ጥዋለት ላይ ባሕሩን ተደግፎ ቆሟል። ጉልላቱ ፈርሷል፣ ግንቡ በጥይት ተበሳስቷል። በመጀመሪያ የሠሩት ቱርኮች ናቸው፤ አሁን የሚታየውን በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንዳዊው ሙንዚንገር ለግብጾች ሲያገለግል አሠራው፤ በኋላ የጃንሆይ የክረምት ቤት ሆነ። ክረምት ስል የምጽዋን ማለቴ ነው፤ እዚህ ዝናብ የሚጥለው በኅዳርና በጥር መካከል ነው። የባሕር ኃይል ቀንም የሚከበረው በዚሁ በቀዝቃዛው ወቅት ነበር። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቭየት የጦር መርከቦች በአንድ ወደብ ጎን ለጎን ይቆሙ ነበር። በቀዝቃዛው ጦርነት መሀል እነዚህን አራቱን አንድ ግብዣ ላይ ማስቀመጥ የቻለ ሌላ ቦታ ብዙ አልነበረም።

ከመርከቦቻችን ትልቋ "ኢትዮጵያ" ትባል ነበር። አሜሪካኖች በ1962 እ.ኤ.አ. ነው የሰጡን። ከዚያ በፊት ስሟ "ኦርካ" ነበር። በዋሽንግተን ግዛት የተሠራች፣ 95 ሜትር ገደማ የምትረዝም፣ በውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን የምታገለግል መርከብ ነበረች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፊሊፒንስ አካባቢ ተዋግታለች። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ወደ የመን ሸሸች። በ1993 እ.ኤ.አ. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ሌሎቹ ጅቡቲ የተጠለሉት በ1996 እ.ኤ.አ. ባልተከፈለ የወደብ ዕዳ ሐራጅ ወጡ። የባሕር ኃይላችን ታሪክ በዚህ አለቀ፤ በ2010 ዓ.ም. ግን እንደገና ይቋቋማል ተብሏል፣ እናያለን።

የድሮው ጦር ሰፈር ዛሬም ወታደራዊ ቦታ ነው። በሩ ላይ ያለው ልጅ በትሕትና መለሰኝ። ከሩቅ አየሁት፤ ክሬን፣ ጣሪያ፣ የታጠረ ግቢ። አያቴ ከነዚያ ጣሪያዎች በአንዱ ሥር ዓመታት ሲልጉ ኖረዋል።

ወደ አሮጌዋ ከተማ ተሻገርኩ። ቤቶቹ የባሕር ዛጎል ድንጋይ ናቸው፤ ከባሕር ውስጥ የሚቆረጥ ኮራል። ቀርበው ሲያዩት የቀንድ አውጣው ቅርጽ ሁሉ ግድግዳው ውስጥ አለ። አብዛኛው በቦምብ ፈርሶ እንደፈረሰ ነው። የ1921 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥም ቀድሞ የድርሻውን ወስዷል። አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ግን ሰገነቱ ያልወደቀ ቤት አገኘሁ። ከላይ እስከ ታች በቀጫጭን እንጨት የተሠራ ወንፊት ነው፤ ከውስጥ ያለች ሴት መንገዱን ታያለች፣ መንገደኛው ግን አያያትም። ነፋሱም ያልፋል። ቀረብ ብዬ መጋጠሚያዎቹን ፈለግኩ። ትንንሽ ዘንጎች ናቸው፤ አንዱ የሌላው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ሙጫ የለ፣ ሚስማር የለ። እርጥበት ሲመጣ እንጨቱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል፤ በሚስማር ቢመታ ኖሮ ተሰንጥቆ ያልቅ ነበር። ቤቱ ግማሹ ፈርሷል። ወንፊቱ ጠንክሮ ቆሟል።

ከዚያ ሻይ ጠጣሁ፣ ዓሣ በላሁ። በየመን ዓይነት ምድጃ ተጣብቆ የሚጠበሰው ዓሣ ከነእንጀራ መሳይ ዳቦው የምጽዋ ዋና ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለ እሱ ብቻ አንድ ገጽ መጻፍ ይቻል ነበር።

ሰኞ፣ ጀልባ ሠሪዎቹ ዘንድ

ሻንጣዬ ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ አንድ ብረት ነበር። ከአያቴ ዕቃ የተረፈ። መሮ ይመስላል፤ ግን አፉ እንደ ማራገቢያ የሰፋና ስለት የሌለው ነው። ስለት ስለሌለው እናቴ ዕድሜ ልኳን ከሰል ስትሰብርበት ኖረች። አዲስ አበባ ለሁለት እንጨት ሠሪዎች አሳይቼ ነበር። አንዱ "መሮ ነው፣ ይሞረድ" አለኝ። ሌላው ለምን እንደሚሆን አላወቀውም።

ሾፌሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የባሕር ዳር ወሰደኝ። አንድ ሳምቡክ፣ የቀይ ባሕር የእንጨት ጀልባ፣ በግንድ ተደግፎ አሸዋው ላይ ቆሟል። ሦስት ሰዎች ይሠራሉ። ትልቁ ሰባውን ያለፉ ይመስላሉ፤ ሽርጥ ታጥቀው፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው በመጥረቢያ ሳንቃ ይጠርባሉ። ትግረና ዓረብኛ ይናገራሉ። ልጃቸው ወደ ትግርኛ ይመልሰዋል፣ ሾፌሩ ወደ አማርኛ። እኔ ሦስት ቃል ስናገር ሃያ ቃል ይደርሳቸዋል፤ እሳቸው ረጅም ነገር ሲናገሩ ሾፌሩ "እሺ ብለዋል" ይለኛል።

ብረቱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። አላዩትም ማለት ይቻላል፤ እጃቸው ውስጥ ሲገባ አወቁት። ተነሥተው ወደ ጀልባው ሄዱ። ከአንድ ጣሳ ውስጥ በዘይት የራሰ የጥጥ ገመድ አወጡ። በሁለት ሳንቃዎች መካከል ባለው ስንጥቅ ላይ ዘረጉት። የብረቱን ደነዝ አፍ ጥጡ ላይ አሳርፈው በእንጨት መዶሻ መታ መታ አደረጉት። ጥጡ ገባ። ትንሽ ፈቀቅ፣ እንደገና መታ። ስለት ቢኖረው ጥጡን ይቆርጠው ነበር፤ ደነዝ የሆነው ለዚህ ነው። ጀልባው ውሃ ሲገባ ሳንቃው ያብጣል፣ ጥጡን አጥብቆ ይይዛል፣ ውሃ አይገባም። የአያቴ ብረት የመርከብ ስንጥቅ መድፈኛ ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ ከሰሏን በምን እንደምትሰብር አላውቅም።

እንድሞክር ሰጡኝ። ሁለቴ መትቼ ጥጡ ተፈናጥሮ ወጣ። ልጁ ሳቀ፤ ሽማግሌው አልሳቁም። እጄን ይዘው አጋደሉልኝ። ቀጥ አድርጎ መምታት አይደለም፤ በትንሹ አዘንብሎ፣ ድምፁን እየሰሙ። ሲጠብቅ ድምፁ ይለወጣል። ሦስተኛው ላይ ሰማሁት።

ያ ግቢ ውስጥ ንድፍ የሚባል ነገር የለም። የጀልባው መነሻ ግንድ ይቀመጣል፣ ሳንቃዎቹ በዓይን ልኬት ይቆለመማሉ፣ የጎድን አጥንቶቹ ቆይተው ከውስጥ ይገባሉ። ፈረንጅ መጀመሪያ አጥንቱን አቁሞ ቆዳ ያለብሰዋል፤ እነዚህ መጀመሪያ ቆዳውን ሠርተው አጥንቱን በልኩ ይጠርቡለታል። ጥሩው እንጨት ከሕንድ የሚመጣው ቲክ ነበር፤ አሁን ዋጋው አይቀመስም። ከውሃ በታች ያለውን ክፍል ኖራና ሞራ ለውሰው ይቀቡታል። ምክንያቱ ትል ነው። የባሕር ትል ይሉታል እንጂ ትልም አይደለም፤ የቀንድ አውጣ ዘመድ ነው። ከውጭ ሲያዩት የመርፌ ቀዳዳ ነው፤ ውስጡን ግን ጣት የሚያስገባ ዋሻ አድርጎ ይበላዋል። ሽማግሌው ከተጣለ ሳንቃ አንድ ቁራጭ ሰብረው አሳዩኝ። ላዩ ደህና ነው። ውስጡ ጠፍቷል።

ብረቱን ስጠቀልል ዋጋ ጠሩ። ሾፌሩ እየሳቀ ተረጎመልኝ። አልሸጥም አልኳቸው። ትንሽ ጨመሩ። አሁንም አልሸጥም። "ከሰል ልትሰብርበት?" አሉ በልጃቸው በኩል። ለካስ ያንን ተርጉሞላቸዋል።

ማክሰኞ፣ እንደገና አስመራ

ሽማግሌው ከለቅሶ ተመልሰዋል። ቤታቸው ከካቴድራሉ ጀርባ ነው። ባለቤታቸው ቡና አፈሉ። አቦይ ስላቸው "አባባ በለኝ፣ አዲስ አበባም ኖሬአለሁ" አሉኝ። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል፤ የድሮ የሬዲዮ አማርኛ ነው።

የአያቴን ስም ስጠራ ቆም አሉ። "ማስትሮ!" አሉ። ማንም በስማቸው አይጠራቸውም ነበር። ጣሊያንኛ የማያውቁ የጎርጎራ ሰው በጣሊያንኛ ማዕረግ ኖሩ፤ የሙያ ጌታ እንደ ማለት ነው።

ካፒቴን ነበሩ ወይ ብዬ ጠየቅኩ፣ ለአክስቴ ስል። ሳቁ። "ካፒቴን ብዙ ነው። ማስትሮ አንድ ነው።" ከዚያ እኔ ከመጀመሪያው የጠፋብኝን ነገር ጠየቅኳቸው። መርከቡ ብረት ነው፤ የብረት መርከብ ላይ አናጢ ምን ይሠራል?

መልሳቸው ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ቆየ። በመጀመሪያ ሁሉም ብረት አልነበረም። ከዩጎዝላቪያ የመጡት ቶርፔዶ ጀልባዎች አካላቸው እንጨት ነበር። በ1971 እ.ኤ.አ. ከኔዘርላንድ የተገዛው ፈንጂ ጠራጊም እንጨት ነው። ፈንጂ ጠራጊ እንጨት የሚሆነው ማግኔት ያለው ፈንጂ ብረት ሲጠጋው ስለሚፈነዳ ነው። እነዚህን ሁሉ ደግሞ ያ የባሕር ትል ይጠብቃቸዋል። በየጊዜው ከውሃ ይወጣሉ፣ ይፋቃሉ፣ የበሰበሰው ይቆረጣል፣ በአዲስ ይተካል፣ ስንጥቁ ይደፈናል። ብረቱን ሳሳያቸው "እሷ ናት" አሉ።

ብረት መርከብ ላይም ሥራ አለ። "መርከብ ቢበሳ መጀመሪያ የሚጠራው ማን ይመስልሃል?" አሉኝ። መሐንዲሱ አልኩ። አይደለም። አናጢው ነው። በየመርከቡ ጥግ ላይ ከለስላሳ እንጨት የተቀረጹ ሾጣጣ ቡሾች ይቀመጣሉ፤ ትንሹ የአውራ ጣት፣ ትልቁ የጭን ውፍረት አለው። ቀዳዳው ውስጥ በመዶሻ ይመታል፤ ውሃ ሲነካው አብጦ ራሱን ያጠብቃል። ቀዳዳው ከባሰ ግድግዳው በሳንቃና በአግዳሚ ግንድ ይደገፋል። ባሕረኞቹ ይህን በጨለማ ይለማመዱ ነበር፣ ውሃ እየተለቀቀባቸው። ልኩን የሚጮኸው ማስትሮ ነው። "መኮንኑ ራሱ ያን ጊዜ ዝም ብሎ ግንድ ያቀብላል" አሉ።

ከዚያ የመጨረሻውን ዘመን ነገሩኝ። ኅዳር 1967 ዓ.ም. ደርግ ስድሳዎቹን ሲገድል የባሕር ኃይሉ ከፍተኛ መኮንን የነበሩት ልዑል እስክንድር ደስታም ከመሀላቸው ነበሩ። ዜናው ምጽዋ ሲደርስ የጥገና ክፍሉ ሥራ አቆመ። አያቴ ብዙም ሳይቆዩ ዕቃቸውን አሰሩ። "እንጨት የሚሰነጠቀው ድምፅ ካሰማ በኋላ አይደለም፣ ከዚያ በፊት ነው" ብለው ነበር አሉ ሽማግሌው። እሳቸው ራሳቸው ከዚያ በኋላ በየት በኩል እንደነበሩ አልጠየቅኳቸውም። አልነገሩኝም።

ባለቤታቸው ጣልቃ ገቡ። "ወንበሩንስ አታሳየውም?" አሉ።

ከጓዳ አንድ ዱካ ወጣ። ሦስት እግር፣ ክብ መቀመጫ፣ የጠቆረ ከባድ እንጨት። አያቴ ለሠርጋቸው የሰጧቸው ነው፣ ከአሮጌ ነፍስ አድን ጀልባ ላይ ከወጣ ቲክ የተሠራ። አንዱ እግር ይወዛወዛል። "የአናጢ የልጅ ልጅ ነህ፣ በል ሥራልኝ" አሉኝ። እኔ ባንክ ነው የምሠራው።

ተያይዘን መደበር ሄድን። መደበር በጣሊያን ዘመን የግመል ነጋዴ ማረፊያ የነበረ ትልቅ ግቢ ነው። ዛሬ መዶሻው ጆሮ ያደነቁራል። በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ ባልዲ ይሆናል፣ በርበሬ የሚፈጩ ሴቶች ከጎን አሉ፤ ያስነጥሳል። አስመራ የሚጣል ነገር የላትም። አንድ ወጣት አናጢ አገኘን። ዱካውን ገለበጠ። እግሩን ሊነቅል በመዶሻ መታ። አልተነቀለም። በጉልበቱ ይዞ ጠመዘዘ። አልተነቀለም። ከታች በባትሪ አየውና ሳቀ።

ጠርቶ አሳየን። የእግሩ ጫፍ መሀሉ ላይ ተሰንጥቆ ትንሽ ሽብልቅ ገብቶበታል። እግሩ ወደ ቀዳዳው ሲመታ ሽብልቁ ከቀዳዳው መጨረሻ ጋር ይጋጭና እግሩን ከውስጥ ያሰፋዋል። ቀዳዳው ደግሞ ወደ ውስጥ ሰፋ ብሎ ነው የተፈለፈለው። አንዴ ከገባ ሳይሰበር አይወጣም። ከውጭ ምንም አይታይም፤ ይህ የታየው መቀመጫው ሥር በአንድ ወገን ትንሽ ስለተፈነቀለ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ አንድ ዕድል ብቻ ይሰጣል፤ ሽብልቁ ትንሽ ቢረዝም እግሩ ሳይገባ ይቀራል፣ ትንሽ ቢያጥር ይላላል።

"የሚወዛወዘው ይሄ አይደለም" አለ ልጁ። ችግሩ እግሮቹን የሚያያይዘው አግዳሚ ነው። የመጀመሪያው ተሰብሮ ኖሮ አንድ ሰው በኋላ ጥድ ቆርጦ በሚስማር መትቶታል። ሚስማሩ ዝጎ ቀዳዳውን አስፍቶታል።

"ማነው የመታው?" አልኩ።

ሽማግሌው ወደ በርበሬዎቹ ዞሩ። "ያኔ ጦርነት ነበር፣ ማስትሮ አልነበረም" አሉ።

ልጁ ሚስማሩን ነቅሎ፣ አዲስ አግዳሚ ልጎ፣ በዘንግ ገጠመው። ዱካው መሬት ላይ ሲቀመጥ አልነቃነቅ አለ። ዋጋ ጠየቀ። ሽማግሌው በዛ አሉ። ልጁ ቀነሰ። አሁንም በዛ አሉ። እኔ ልክፈል ብዬ ኪሴ ስገባ እጄን ያዙኝ፤ "አንተ አርፈህ ተቀመጥ፣ ይህ በእኔና በእሱ መካከል ነው" ብለው ዱካውን ወደ እኔ ገፉልኝና ክርክሩን ቀጠሉ።